«ሬዲዮዎን ይቀንሱልን»፦ ወደ ስፖርት ዝግጅት ስለ መደወል

እንደምን አመሻችሁ፣ የስፖርት ቤተሰቦች። የዛሬው ርዕስ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ስልክ አንስቶ ወደ ስፖርት ሬዲዮ መደወል። ቁጥር መምታት ማን ያቅተዋል? ነገር ግን ማታ ማታ ከአዲስ አበባ ኤፍ ኤሞች አንዱን ከፍቶ የስፖርት ዝግጅት የሚከታተል ሰው ያውቀዋል። ስንቱ ስልክ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል?» ብሎ ጀምሮ «መስመሩ ተቋረጠብን፣ ወደ ቀጣዩ እንለፍ» ላይ ያልቃል። በመሀል የተባለ ነገር የለም። ደዋዩ ሃሳብ አጥቶ አይደለም፤ ሃሳቡ አየር ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ እንጂ።

ዋናውን ነገር ከመጀመሪያው ልናገር። ስትደውሉ የምታወሩት ከአቅራቢው ጋር አይደለም። አቅራቢው ውጤቱን ያውቃል፣ ጎሉን ሦስት ጊዜ አይቶታል፣ ሄድፎን አድርጎ ጸጥ ባለ ክፍል ተቀምጧል። የምታወሩት ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ለተጨናነቀው ሰው ነው። ረዳቱ ሂሳብ ይሰበስባል፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ክላክስ ይጮኻል። ያ ሰው የገባው ንግግራችሁ ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ስለ የትኛው ቡድን እንደምታወሩ እንኳ አያውቅም፤ ወደ ኋላ መልሶ መስማትም አይችልም። ዛሬ የምናነሳው ሁሉ፣ ከስልኩ አያያዝ እስከ ንግግሩ አጀማመር፣ እሱን ሰውዬ ታሳቢ ያደረገ ነው።

ከስቱዲዮው እንነሳ። «ሬዲዮዎን ይቀንሱልን» የምትለዋ ልመና ለምን በየደዋዩ ትደጋገማለች? ድምፃችሁ በስልክ መስመር ስቱዲዮ ይደርሳል። እዚያ ስልኩን ከሚክሰሩ፣ ማለትም ድምፆችን ከሚያቀላቅለው መሣሪያ፣ ጋር የሚያገናኝ አንድ ዕቃ አለ፤ ቴክኒሻኖቹ ሃይብሪድ ይሉታል። የዚህ ዕቃ ሥራ ሁለት ነው። የእናንተን ድምፅ ወደ ሚክሰሩ ያስገባል፤ በስቱዲዮው ያለውን ድምፅ ደግሞ ወደ ጆሯችሁ ይመልሳል። ሲመልስ ግን የራሳችሁን ድምፅ ቀንሶ ነው። የአቅራቢውን ጥያቄ ትሰማላችሁ፣ ራሳችሁን አትሰሙም። አሁን ክፍላችሁ ውስጥ ሬዲዮ ክፍት ነው እንበል። ሃይብሪዱ የቀነሰው ድምፅ በማሰራጫው ዞሮ በሬዲዮው ይወጣል፣ በስልካችሁ ማይክ ተመልሶ ይገባል፣ እንደገና ወደ ስቱዲዮ ይሄዳል። መጀመሪያ እንደ ገደል ማሚቶ ይሰማል፣ ሬዲዮው ጮክ ካለ ደግሞ ፉጨት ይሆናል። ቴክኒሻኑ ያለው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ እናንተን መዝጋት።

ሌላም ጉዳት አለ። ሰው የገዛ ድምፁን በሽራፊ ሰከንድ ዘግይቶ ሲሰማ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ቃል ይጎትታል፣ መሀል ላይ ይቆማል። አድማጭ «ይሄ ሰውዬ ፈርቷል» ይላል። አልፈራም፤ ሬዲዮው ነው ያስደነበረው። አንዳንድ ጣቢያ ደግሞ ስድብ ሲመጣ ለመቁረጥ እንዲያመች ስርጭቱን ጥቂት ሰከንድ ያዘገየዋል። ያኔ ፉጨት አይኖርም፤ ነገር ግን ቀደም ብላችሁ ያላችሁት «ጤና ይስጥልኝ» ጎል ስታወሩ ከኋላችሁ ይመጣል። በኢንተርኔት የምትከታተሉ ከሆነ ክፍተቱ ከዚህም ይሰፋል፤ አስር ሰከንድም ግማሽ ደቂቃም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መቀነስ አይበቃም፤ ዝጉት። የባለሱቁ ሬዲዮ ከሆነ ራቅ በሉ። ስልኩ ተነስቶላችሁ ወረፋ ስትይዙ ዝግጅቱን በስልኩ ውስጥ ስለምትሰሙት የሚያመልጣችሁ ነገር የለም።

ወደ ስልኩ እንምጣ። ተራ የስልክ ጥሪ የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው። የሰው ድምፅ ከዚያ በላይም በታችም አለው። ከላይ የሚቆረጠው በተለይ የ«ሰ» ፉጨት ነው፤ በመጥፎ መስመር «ሰ» እና «ፈ» የሚመሳሰሉት ለዚህ ነው። በአማርኛ ደግሞ አደጋው ቁጥር ላይ ይብሳል። «ስድስት» እና «ስምንት» በተቆራረጠ መስመር አንድ ዓይነት ናቸው። የ«ሰባት» መጨረሻ ከተዋጠ «ሰባ» ይሆናል። ዋነኛው መረጃችሁ ቁጥር ከሆነ ሁለት ጊዜ በሉት፣ ሁለተኛውን በሌላ መንገድ፦ «ስድስት ጨዋታ፤ ከሰባት አንድ የጎደለ»። ንግግር ላይ ያስቅ ይሆናል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ግን ይሰማል።

የስልኩ ማይክ ከታች ጠርዝ ላይ ያለች ቀዳዳ ናት። ብዙ ሰው በመዳፉ ወይም በስልክ ሽፋን ይደፍናትና «ድምፅዎ አይሰማም» ሲባል ይጮኻል። ጩኸት ድምፁን ያሻክረዋል እንጂ አያጠራውም። ብዙ ዘመናዊ ስልኮች ከላይ ወይም ከጀርባ ሁለተኛ ማይክ አላቸው፤ የአካባቢውን ጫጫታ ለይቶ ለመቀነስ የተሠራ ነውና እሱንም አትሸፍኑ። ስልኩን ከአፋችሁ ጎን፣ ሦስት አራት ጣት ርቀት ላይ ያዙት። አፋችሁ ፊት ለፊት ከሆነ «ጰ»፣ «ፐ» እና ትንፋሽ እንደ ንፋስ ይመታሉ። ላውድ ስፒከር ፈጽሞ አይሆንም። ብዙ ስልክ በስፒከር ሲሆን አንዱ ሲናገር ሌላውን ስለሚያፍን አቅራቢው ጣልቃ ሲገባ አትሰሙትም፤ ሁለታችሁም ትናገራላችሁ፣ ማንም አይሰማም። የኢርፎን ማይክም ሸሚዝ ላይ እየታሸ ይንኮሻኮሻል፤ እሱን ከተጠቀማችሁ ገመዱን በእጅ ያዙት።

ቦታ ምረጡ። ባዶ ሳሎንና ወለሉ ሴራሚክ የሆነ ወጥ ቤት ድምፅ ያስተጋባሉ። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ልብስ የተሰቀለበት መኝታ ቤት የሰፈር ስቱዲዮ ነው። ክረምት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ከጀመረ ተስፋ ቁረጡ፤ ያንን ድምፅ የሚያሸንፍ ስልክ አልተሠራም። ጨዋታ ከምታዩበት ዲኤስቲቪ ቤት መደወል ደግሞ ለራስም ለጣቢያም ፈተና ነው። ከኋላችሁ የሚጮኸው ሰው ምን እንደሚል አታውቁትም፤ እሱም አየር ላይ ነው።

ለመግባት ሰዓት ማወቅ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ቅዳሜ በለንደን ከቀኑ 3 ፒ ኤም የሚጀመሩት ጨዋታዎች በእኛ አቆጣጠር በጋው ወራት 12 ሰዓት ላይ፣ እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ፊት ሲያደርጉ ደግሞ 11 ሰዓት ላይ ናቸው። ሰዓቱ የሚቀየረው በመጋቢትና በጥቅምት ውስጥ ነው። ጨዋታው ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ያልቃል፤ ያኔ ሁሉም አንድ ላይ ይደውላል። ጣቢያው ያለው መስመር ውስን ነው፤ ቁጥሩ በአየር ላይ በተነገረ ቅጽበት የሚደውል ሰው ከመቶ ሰው ጋር ይጋፋል። ቁጥሩን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፣ ዜና እየተነበበ ወይም ማስታወቂያ እየሄደ ሳለ ደውሉ። አንድ ደዋይ «እናመሰግናለን» ሲባልም አንድ መስመር ተለቀቀ ማለት ነው። ስርጭቱ በማይዘገይበት ጣቢያ በተራው የኤፍ ኤም ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ይህን በኢንተርኔት ከሚሰማው ቀድሞ ያውቃል፤ አሮጌዋ ሬዲዮ እዚህ ላይ ትበልጣለች።

ባትሪና ካርድ እዩ። ወረፋ ላይ ያላችሁበት ደቂቃ የሚቆጠረው በእናንተ ሂሳብ ነው፤ ስለዚህ ስልኩን ያነሳውን ሰው «መልሳችሁ ትደውሉልኛላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የሚደውሉ ዝግጅቶች አሉ። እሺ ካሏችሁ ስልኩን ነጻ አድርጉት። ሌላ ጥሪ መሀል ገብቶ ጢጥ ጢጥ እንዳይልባችሁም የጥሪ ጥበቃ አገልግሎቱን ከስልኩ የጥሪ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ለጊዜው አጥፉት።

ስልኩን መጀመሪያ የሚያነሳው አቅራቢው አይደለም፤ ከመስታወቱ ወዲያ ያለ ረዳት ነው። ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ስም፣ ሰፈር፣ ጉዳይ። «አስተያየት ልሰጥ ነው» ጉዳይ አይደለም። «በተከላካዩ ጥፋት ላይ ከቀደመው ደዋይ የተለየ ሃሳብ አለኝ» ጉዳይ ነው። ረዳቱ ወረቀት ላይ በአንድ መስመር ጽፎ ወደ አቅራቢው የሚያሻግረው ያችን ነው፤ አቅራቢውም ማን መቼ ይግባ የሚለውን ከእሷ ይወስናል። ስድስት ሰው አንድ ዓይነት ነገር ካለ አምስቱ ይቀራሉ። አንድ ጉዳይ አስመዝግቦ አየር ላይ ሌላ የሚያነሳ ደዋይ ግን ቁጥሩ ይያዝበታል፤ በሌላ ቀን «መስመሩ ተጨናንቋል» ሲባል ምክንያቱን አያውቅም።

አሁን ገባችሁ። ስንት ጊዜ አላችሁ? አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ አንድ ተኩል። ከስፖርት ዝግጅቶቹ ብዙዎቹን የሚሠሯቸው የአየር ሰዓት ከጣቢያው ገዝተው ማስታወቂያ በመሸጥ የሚተዳደሩ ተባባሪ አዘጋጆች ናቸው። ለእነሱ ደቂቃ ገንዘብ ነው፤ አቅራቢው የሚያቻኩላችሁ በጥላቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ከባህላችን ጋር እንጋጫለን። ሰላምታችን ረጅም ነው፤ ረጅምም መሆን አለበት፣ ቤት ውስጥ። ለምሳሌ ያህል የተሠራ አንድ ጥሪ እንስማ፦

«ሄሎ፣ ይሰማል? ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት አመሻችሁ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ? ዝግጅታችሁን ሁሌም ነው የምከታተለው፣ በጣም ነው የማደንቃችሁ፣ በርቱ። እና ምን ልል ነው… ያው እንደሚታወቀው ኳሳችን ብዙ ችግር አለበት፣ ከየት እንደምጀምር አላውቅም፣ ቅድም ያ ልጅ ያለውም ልክ ነው…»

ጮክ ብላችሁ ሰዓት ይዛችሁ ብታነቡት ግማሽ ደቂቃ ሊደርስ ምንም አይቀረው። የተባለው ነገር ዜሮ ነው። «ያ ልጅ» ማን እንደሆነ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው አያውቅም። አቅራቢውም እዚህ ላይ «እሺ፣ ሃሳብዎ ምንድን ነው?» ይላል፤ ደዋዩ ይደነግጣል፣ የቀረችውን ግማሽ ደቂቃ በድንጋጤ ይጨርሳል። ሁለተኛውን ተመልከቱ፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከሳሪስ ነው። የብሔራዊ ቡድናችን ችግር የአጥቂ አይደለም፣ ኳስ አጥቂው ጋ የሚደርስበት መንገድ ነው እላለሁ። ዛሬ የመጀመሪያውን አጋማሽ ቆጠርኩ፤ ግብ ጠባቂያችን ዘጠኝ ጊዜ በረጅሙ ለጋ፣ ሰባቱን ተቃራኒ ቡድን ወሰደው። ዘጠኝ ተለጋ፣ የእኛ የሆነው ሁለት ብቻ። ጥያቄዬ፣ አማካዩ ለምን ወርዶ አይቀበልም? አመሰግናለሁ።»

ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ሃሳቡ ከማስረጃው ቀደመ፣ ማስረጃው አንድ ብቻ ነው፣ ቁጥሩ ተደገመ፣ የቡድኑ ስም ተጠራ፣ በጥያቄ ተዘጋ። ጥያቄው ለትህትና አይደለም። ስቱዲዮ ውስጥ ላለው ተንታኝ የሚይዘው እጀታ ሰጣችሁት፤ እጀታ የሌለው አስተያየት «እናመሰግናለን» ተብሎ ይታለፋል። ደግሞ አስተውሉ፤ ሰውዬው ጨዋታውን ሲያይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ነበር። እንዲህ ያለ ደዋይ ስሙ ሳይነገር በድምፁ ይታወቃል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ረዳቱ ራሱ ይፈልገዋል።

ጽፋችሁ ያዙ፤ ግን ሙሉ አረፍተ ነገር አትጻፉ። የሚያነብ ሰው በድምፁ ያስታውቃል፣ አድማጭም ይሰለቻል። አራት አምስት ቃል ይበቃል፦ ረጅም ኳስ፣ ዘጠኝ፣ ሰባት ጠፋ፣ አማካይ። ሰው ስምና ቁጥር ላይ ነው የሚጠፋው፤ ሃሳቡ ራሱ ይመጣል።

መረጃ ማጣራት ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚዋረደው እዚህ ነው። በየጊዜው ከሚመለሱ አስተያየቶች አንዱ «ያ 3 ነጥብ ባይቀነስብን ብራዚል እንገባ ነበር» የሚለው ነው። ነገሩ የ2014 እ.ኤ.አ. የብራዚል ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው፤ እንይው። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፈን፣ በካርድ የታገደ ተጫዋች በመሰለፉ ፊፋ ውጤቱን ለቦትስዋና 3 ለ 0 አደረገው። ነጥቡ ተቀነሰ። ግን ምድቡን ደቡብ አፍሪካን በነጥብ 13 ለ 11 በልጠን እኛው ነን በአንደኝነት የጨረስነው! በመጨረሻው የማጣሪያ ዙር ከዓለም ዋንጫ ያስቀረን ናይጄሪያ ናት፤ ጥቅምት 3፣ 2006 አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ኅዳር 7 ደግሞ ካላባር ላይ 2 ለ 0። ነጥቡ ባይቀነስ ኖሮ ናይጄሪያ ትደርሰን ነበር ወይም አትደርሰንም ነበር ማለት አይቻልም፤ የመጨረሻው ዙር ድልድል ሌላ ነገር ነው። «ነጥቡ አስቀረን» ማለት ግን በግልጽ ስህተት ነው፤ ተንታኙም በአንድ አረፍተ ነገር ያፈርሰዋል። ልባችሁ ውስጥ ያለው ቁጭት እውነት ነው። ቁጭት ግን የውጤት ሰንጠረዥ አይደለም።

ሁለተኛው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው፤ እዚህ ያለነውን የሚያጠምድ፣ ፈረንጅ የማያውቀው። «በ2013 ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ» ብትሉ የቱ 2013? በእነሱ 2013 በሰውነት ቢሻው አሠልጣኝነት ከ31 ዓመት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ላይ ተጫወትን፤ ይህ በእኛ 2005 ነው። በእኛ መጋቢት 2013 ደግሞ በውበቱ አባተ አሠልጣኝነት ለካሜሩኑ ውድድር አለፍን። ሁለት ቡድን፣ ሁለት አሠልጣኝ፣ አንድ ቁጥር። ዓመት ስትጠሩ አሠልጣኙን ወይም አዘጋጅ አገሩን ጨምሩበት፤ ግራ መጋባቱ ይቀራል። ዋንጫውን የወሰድንበትም እንደዚያው ነው፤ በእኛ 1954፣ በእነሱ 1962።

የሩጫ ክብረ ወሰንም ያረጃል። የቀነኒሳ በቀለ የ5,000 ሜትር 12:37.35 እና የ10,000 ሜትር 26:17.53 ዛሬም እንደ ዓለም ክብረ ወሰን ሲጠሩ ይሰማል፤ ሁለቱንም ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ2020 እ.ኤ.አ. ወስዷቸዋል። ከመደወል በፊት ሁለት ደቂቃ ማጣራት ነው።

ዳኛ ላይ ለመናገር ደንቡን እወቁ። ከእጅ ውርወራ፣ ከግብ ምትና ከማዕዘን ምት ኳሱን በቀጥታ የተቀበለ ተጫዋች ኦፍሳይድ የለበትም። ቫር፣ ማለትም የቪዲዮ ዳኝነት፣ ጣልቃ የሚገባው በዋነኝነት ጎል፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ቀጥታ ቀይ ካርድ እና የተጫዋች ማንነት መሳሳት ላይ ነው፤ «ያንን ቢጫ ቫር ለምን አላየውም?» ብላችሁ ስትቆጡ ጥያቄው መነሻ የለውም። ቃልም ምረጡ። «ዳኛው ተሳስቷል» አስተያየት ነው። «ዳኛው በልቷል» ክስ ነው፤ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ጣቢያውንም አብሮ ያስጠይቃል፣ ስለዚህ ቴክኒሻኑ ቃሉን ሳትጨርሱ ይቆርጣችኋል። ከዚህ የከፋው የተቃራኒ ክለብ ደጋፊን ከብሔሩ ወይም ከሃይማኖቱ ጋር አያይዞ መናገር ነው። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ስፖርት ነው ብሎ የሚያልፈው ንግግር የለም። ክለቦቻችን የከተማና የክልል ስም ይዘው ስለሚጫወቱ መስመሩ ቀጭን ነው፤ ክለቡን ተቹ፣ አሰላለፉን ተቹ፣ የመጣበትን ተዉት። የውርርድ ግምትም አየር ላይ አትበትኑ።

ሲቋረጥስ? መልሳችሁ አትደውሉ። ጣቢያው እናንተን እየደወለ ሊሆን ይችላልና ሁለታችሁም «ተይዟል» ትሰማላችሁ። ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ከተመለሳችሁ እንደ አዲስ ሰላምታ አትስጡ፤ «ስለ ረጅም ኳሱ እያልኩ ነበር» ብላችሁ ቀጥሉ። ድምፃችሁ እየተቆራረጠ ከሆነ አቅራቢው ከመናገሩ በፊት ራሳችሁ ወደ መስኮት ወይም ወደ በረንዳ ሂዱ፤ ግን እየሄዳችሁ አታውሩ፣ ደርሳችሁ ቁሙና ቀጥሉ።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ አዲስ አበባ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በእኛ አቆጣጠር ቀን 7 ሰዓት፣ በቅዝቃዜያቸው ወራት 6 ሰዓት ነው፤ የምሳ ዕረፍት ላይ መደወል ይቻላል። ስርጭቱን የምትሰሙት በኢንተርኔት ስለሆነ ግን እናንተ ጋ የደረሰው ጥያቄ ስቱዲዮ ውስጥ ተመልሶ አልቆ ሊሆን ይችላል። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ለሚቀበል ዝግጅት ቀድማችሁ ብትልኩ ይሻላል፤ ከአርባ ሰከንድ ያልበለጠ፣ ስማችሁና ያላችሁበት ከተማ መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ፋይል ብቻ። ሦስት ቁራጭ የላከ ሰው ሁለተኛው ብቻ ቢተላለፍበት አይግረመው።

ተናገራችሁ፣ አመሰገናችሁ፣ ተዘጋ። አሁን ሬዲዮውን መልሳችሁ ክፈቱ፤ መልሱ የሚመጣው እናንተ ከወጣችሁ በኋላ ነው። ተንታኙ ሃሳባችሁን ሊያጣምም ይችላል፣ ቀጣዩ ደዋይ ያላላችሁትን «ቅድም እንደተባለው» ብሎ ይጠቅሳል፣ እጃችሁም ወደ ስልኩ ይሄዳል። በአንድ ምሽት ሁለቴ የሚያስገባ ረዳት ግን የለም። የተባለውን ያው ወረቀት ላይ ጻፉት፤ በሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ የግብ ጠባቂውን ኳስ እንደገና ቁጠሩ።